ቡናችሁ የጎደለው ጥማት ነው፦ ለሐረርና ለድሬዳዋ ወጣት አትክልተኞች

ውድ ልጆቼ፣

የበልግ ዝናብ ሐረር ላይ አንድ ሁለት ጊዜ ከጣለ ወዲህ የምትጠይቁኝ ነገር ሁሉ ተመሳሳይ ሆኗል። የጎረቤት ቡና አድሮ ነጭ ለብሶ ይነጋል፤ የእናንተ ቡና ግን ቅጠሉን ብቻ ዘርግቶ ቆሟል። «ጋሼ፣ እኔ ከማንም በላይ ውኃ አጠጥቼዋለሁ፤ ምን ጎደለው?» ትሉኛላችሁ። ዕድሜዬን በአትክልትና ፍራፍሬ ባለሙያነት ያሳለፍኩ ሰው ነኝና፣ በየበሩ ቆሜ ቁንጽል መልስ ከምሰጣችሁ አንድ ጊዜ ዘርዘር አድርጌ ልጽፍላችሁ ወደድኩ። ቡናችሁ የጎደለው ጥማት ነው።

ቡና እምቡጡን የሚቋጥረው ዝናብ ከመምጣቱ ብዙ ቀደም ብሎ ነው። በበጋው ወራት ቅጠሉ ከቅርንጫፉ በሚገናኝበት ብብት ላይ ጥቃቅን አረንጓዴ እምቡጦች ይወጣሉ። ጥቂት ሚሊ ሜትር ካደጉ በኋላ እድገታቸውን ገትተው ይተኛሉ። የሚቀሰቅሳቸው ውኃ ነው፤ ሆኖም ውኃው በወጉ የሚቀሰቅሳቸው አስቀድሞ ድርቅ ያለ ጊዜ ካሳለፉ ነው። ያን ጊዜ ጥሩ ዝናብ በወረደ በሳምንት ወይም በዐሥር ቀን ገደማ በአንድነት ይፈነዳሉ፤ ግቢው በመዓዛ ይሞላል፤ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥም ይጠወልጋሉ። በጋውን ሙሉ ሳያቋርጥ ውኃ የሚፈስለት ቡና ግን ተኝቶ የሚነቃበት ጊዜ የለውም። አንዱ እምቡጥ ዛሬ፣ ሌላው ከወር በኋላ ይከፈታል፤ አንዳንዱም ሳይከፈት ይቀራል። ፍሬው ከአበባው ተነሥቶ ለመቅላት ስምንት ዘጠኝ ወር ስለሚፈልግ፣ አበባው የተበታተነበት ዛፍ ለቀማውም ይበታተናል። የሐረርጌ ገበሬ ቡናውን ከነልጣጩ በፀሐይ የሚያደርቅ ነውና አንድ ላይ የቀላ ፍሬ ማግኘት ለእርሱ ትልቅ ነገር ነው። ሎሚና ብርቱካንም በዚህ ጠባይ ቡናን ይከተላሉ።

ብዙዎቻችሁ የአትክልት ሥራን ከስልካችሁ ላይ ትማራላችሁ። መማሩ ደግ ነው፤ እኔም ደስ ይለኛል። ነገር ግን ስለ ጸደይ አበባ የሚያወሩት አብዛኞቹ ቪዲዮዎች የተቀረጹት በረዶ በሚጥልባቸው አገሮች ነው። ቱሊፕ የሚባለው አበባ ኮረቱ፣ ማለትም ከአፈር ሥር ያለው ሽንኩርት መሰል ክፍሉ፣ ሦስት ወር ለሚያህል ጊዜ ብርድ ውስጥ ካልቆየ በወጉ አያብብም። የእነርሱን አበባ የሚያዘጋጀው ብርዱ ነው፤ የእኛን የሚያዘጋጀው ደረቁ በጋ ነው። በእኛ አቆጣጠር ጸደይ መጋቢት 26 ገብቶ ሰኔ 25 ይወጣል፤ በምሥራቁ ክፍል ይህ ጊዜ ከበልግ ዝናብ ጋር ይገጣጠማል። የአዲስ አበባን የቀን መቁጠሪያ እንኳ እንዳለ አትቅዱ። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ 1,880 ሜትር ገደማ፣ ድሬዳዋ ደግሞ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ከ60 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፤ ሆኖም በመካከሉ ካለው ከደንገጎ ዳገት በታችና ከዳገቱ በላይ ያለ አንድ ዓይነት ተክል በአንድ ሳምንት አያብብም። የድሬዳዋ ዘመዳችሁ አበባ ቀደመ ብላችሁ የሐረሩን አታጣድፉት።

ቡገንቪሊያን በተመለከተ ከሁሉ የበለጠ ስህተት አያለሁ። በድሬዳዋ ከዚራ አካባቢ ግንብ ላይ ወጥቶ ሲፈካ ያላየ ከመካከላችሁ የለም። ያ ሐምራዊና ቀይ የምታዩት ነገር ቀለም የለበሰ ቅጠል ነው፤ እውነተኛው አበባ በመካከሉ ያለው ትንሽ ነጣ ያለ ቱቦ ነው። አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው፤ ሙሉ ፀሐይና የተጠነቀቀ ውኃ ይወድዳል። በየቀኑ ስታጠጡትና ዩሪያ ስትጨምሩለት በናይትሮጂኑ ብዛት ቅጠልና እሾህ ያበዛል፤ ቀለሙም ይጠፋል። አፈሩ እስኪደርቅ ታገሡት፤ ቅጠሉ መልፈስፈስ ሲጀምር ብቻ አጠጡት። የሚያብበው በአዲስ ቀንበጥ ላይ ስለሆነ አንዱ ዙር ካበቃ በኋላ ጫፍ ጫፉን ከርክሙት። ዩሪያውን ለበቆሎ ተዉት። ለአበባ የበሰለ ፍግ በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ይበቃዋል።

ፍራንጂፓኒና የበረሃ ጽጌረዳ በበጋ ቅጠላቸውን አራግፈው ራቁታቸውን ሲቆሙ «ደርቋል» ተብለው የሚቆረጡበት ግቢ ብዙ ነው። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ከመቁረጣችሁ በፊት ቅርፊቱን በጥፍራችሁ ፋቅ አድርጉ፤ ከሥሩ አረንጓዴ ካያችሁ ተክሉ በሕይወት አለ። ወፍራም ግንዳቸው ውኃ ይዞ ይከርማል፤ አበባቸውም ብዙ ጊዜ ከቅጠሉ ይቀድማል። የበረሃ ጽጌረዳ የራሳችን የቆላ ተክል ነውና ከሜዳ ነቅላችሁ አታምጡት፤ ከዘር በቀላሉ ይበቅላል። የሁለቱም ወተት ይጎዳል፤ የበረሃ ጽጌረዳው በተለይ መርዝ ነው፤ ትንንሽ ልጆች ባሉበት ቤት ይህን አስቡበት። ከዝናቡ ጋር ከመሬት ድንገት ብቅ የሚለው፣ ከኮረት የሚወጣው ክብ ቀይ አበባም መርዛማ ነው፤ ውበቱን በዓይን ብቻ እዩት።

በስሙ ከተማችንን የሚያስጠራው የድሬዳዋ ዛፍ የመጣው ከማዳጋስካር ነው። ከሚያዝያ ወዲያ መንገዱን ሁሉ እሳት የሚያስመስለው እርሱ ነው። ብትተክሉት ደስ ይለኛል፤ ነገር ግን ሥሩ ወደ ላይኛው አፈር የሚሰራጭና ግንብ የሚሰነጥቅ ነው፤ ጥላውም ሰፊ ነው። በግንብ ለታጠረችው ለአሮጌዋ ሐረር፣ ለጀጎል ጠባብ ግቢ አይሆንም። ከዘር የተነሣ ዛፍ እስኪያብብም ዓመታት ያስጠብቃል። ጠባብ ግቢ ያላችሁ ሮማን ትከሉ፤ ወይም በጣሳና በተቆረጠ ጄሪካን ቡገንቪሊያ አሳድጉ፤ እንዲያውም ሥሩ ሲጠብበት የተሻለ ያብባል።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደማስብበት ጉዳይ ልምጣ። አበባ ሲከፈት ንብ ይመጣል። የዐረቢካ ቡና ራሱን በራሱ ማዳቀል ይችላል፤ ንብ የጎበኘው ግን ፍሬ አያያዙ ይሻላል። ሎሚውም፣ ዱባውም፣ የጎረቤቱ ማሳም በዚያው ንብ ይጠቀማሉ። ለጫት ማሳ የተገዛን ፀረ ተባይ መድኃኒት በጓሮ አበባ ላይ ስትረጩ ያየሁባቸው ግቢዎች አሉ። እባካችሁ ተዉት። ጥቂት ቅጠል ቢበላ ተክሉ አይሞትም። ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ቢይዘው በውኃ እጠቡት፤ ቢብስ የቀለለ የሳሙና ውኃ ማታ ማታ ርጩ፤ አበባው ላይ ግን ምንም አታሳርፉ። ያ መድኃኒት እህት ወንድሞቻችሁ በሚጫወቱበት፣ እናታችሁ ጤና አዳምና በሶብላ በምትቀጥፍበት ግቢ ውስጥ ነው የሚያርፈው።

ስለ ውኃም ዝም ልል አልችልም። ለሐረር የመጠጥ ውኃ ሲሰጥ የኖረው የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ውስጥ ደርቆ አይተናል። ለመስኖና ለከተማ ከልክ በላይ ተቀዳ፤ ከተራቆቱት ኮረብቶች የወረደ አፈርም ሞላው። በኋላ ውኃው መመለስ ቢጀምርም ያንን ያየ ሰው በጠራራ ፀሐይ በቧንቧ አበባ ሲጠጣ ሲያይ ሆዱ ይባባል። አትክልትና ሩዝ የታጠበበትን ውኃ አጠራቅሙ፤ በረኪና የገባበትን ግን ለተክል አትስጡ። ማለዳ ወይም ማታ ሥሩ ላይ አፍስሱ፤ አፈሩን በደረቅ ሣርና ቅጠል ሸፍኑት። በሳምንት አንድ ጊዜ በደንብ የጠጣ ተክል በየቀኑ ከሚረጥብ ይልቅ ሥሩን ወደ ታች ይሰዳል።

ደብተርም ያዙ። በሙያዬ ከሠራኋቸው ሰዎች መካከል በጣም የማከብራቸው ቀን የሚጽፉት ነበሩ። ዝናቡ መቼ ጀመረ፣ ቡናው በስንተኛው ቀን አበበ፣ ንቡ መቼ መጣ፤ ይህን በየዓመቱ የጻፈ ሰው ስለ ግቢው ማንም የማይነግረውን ያውቃል። በ2007 ዓ.ም. በልጉ በምሥራቁ ክፍል ሲከዳን፣ በልጉ ሁልጊዜ በሰዓቱ ይመጣል ብሎ ከማሰብ በቀር ዝግጅት ያልነበረው ብዙ ነበር። እናንተ በስልካችሁ ፎቶ ታነሣላችሁ፤ ፎቶው ላይ ቀኑ አብሮ ይቀመጣል፤ ከዚያ ላይ መጀመር ትችላላችሁ። ግብርና ለመማር የምታስቡ ካላችሁ ደግሞ ሦስት ዓመት የተጻፈበት ደብተር ይዛችሁ ብትገቡ መምህሮቻችሁን የምትጠይቁት ጥያቄ ከሌላው ተማሪ ይለያል።

ለዚህ ሰሞን አንድ ሥራ ልስጣችሁ። ፍራንጂፓኒ ከቅርንጫፉ ይባዛል። ክንድ የሚያህል ቅርንጫፍ በሰላ ቢላዋ ቁረጡ፤ ወተቱ ዓይናችሁን እንዳይነካ ተጠንቀቁ። ቁስሉ እስኪደርቅ ሳምንት ያህል ጥላ ሥር አስቀምጡት፤ ከዚያ አሸዋ በበዛበት አፈር ተክላችሁ ቅጠል እስኪያወጣ ድረስ ውኃውን ቆጥቡለት፤ ብዙ ካጠጣችሁት ይበሰብሳል። ቅርንጫፍ የሌላችሁ ቅዳሜ ጠዋት ወደ እኔ ኑ፤ የእኔ ዛፍ ለሁላችሁም ይበቃል።