ቅጹ ላይ ያለችው አጭር መስመር

የተጫዋች መመዝገቢያ ቅጽ ታውቃላችሁ። ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ቁመት፣ የሚጫወትበት ቦታ። ከታች በኩል አንዲት አጭር መስመር አለች። «በአደጋ ጊዜ ተጠሪ» ትላለች። ብዙዎቻችሁ እሷን የምትሞሏት ቆማችሁ፣ ቦርሳችሁን አንግታችሁ፣ ግማሽ ልባችሁ ሜዳ ሄዶ ነው። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለሷ ነው።

እኔ የክለብ ጸሐፊ ነኝ። በዚህ ሥራ 30 ዓመት ሊሞላኝ ነው። ኳስ ተጫውቼ አላውቅም፤ ሞክሬያለሁ፣ ባይወራ ይሻላል። ሥራዬ ቴሴራ (የተጫዋች መታወቂያ) ማውጣት፣ መለያ መቁጠር፣ ለዳኛ መክፈል፣ ስልክ ማንሳት ነው። ከሁሉም ቀላሉ ስልክ ማንሳቱ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ማለዳ የደወለልኝ ፖሊስ ነበር። መንገድ ዳር ወድቆ የተገኘ ወጣት አለ፣ የክለባችሁን ጃኬት ለብሷል፣ መታወቂያ አልያዘም፣ ስልኩ ተቆልፏል፣ መጥተው ይዩልን አለኝ። ሄድኩ። የግራ መስመር ተጫዋቻችን ነው። 19 ዓመቱ ነበር። ልምምድ በሌለበት ቀን ብቻውን ሊሮጥ ወጥቶ ነው። ኋላ ሐኪሞቹ ልቡ ነው አሉን።

ፖሊሱ ስልኩን አሳየኝ። የተቆለፈው ስክሪን ላይ የካናዳው የግራ መስመር ተጫዋች የአልፎንሶ ዴቪስ ፎቶ አለ። ዴቪስን ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2000 ጋና ውስጥ ቡዱቡራም በሚባል የስደተኞች ካምፕ ከላይቤሪያውያን ወላጆች ተወለደ። በ5 ዓመቱ ካናዳ ገባ። በ2020 ከባየርን ሙኒክ ጋር የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግን አነሳ። የእኛም ልጅ ካምፕ ውስጥ ነው ያደገው፣ የሚጫወተውም በግራ ነው፤ ሌላ ሰው እዚያ ስክሪን ላይ ሊያደርግ አይችልም ነበር። ሆኖም ያ ፎቶ የማን ልጅ እንደሆነ አይነግረንም። ዛሬ ያሉት ስልኮች ሳይከፈቱ የአደጋ ጊዜ ተጠሪን ስም የሚያሳዩበት ቦታ አላቸው። መሙላቱ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ይህን ያነበባችሁ አሁኑኑ ሙሉት፣ እኔ እጠብቃለሁ።

«ለቤተሰቡ ማን ይንገር?» አለ ፖሊሱ። ቢሮ ተመልሼ ቅጹን አወጣሁ። ተጠሪ የሚለው ላይ የአሰልጣኙ ስም አለ። ስልኩም የአሰልጣኙ ነው። የእጅ ጽሑፉ ደግሞ የእኔ። ትዝ አለኝ። ልጁ ሲመዘገብ እዚያች መስመር ላይ ሲደርስ እስክሪብቶው ቆመ። «ማንን ልጻፍ?» አለኝ። ከኋላው ሰልፍ ነበር። «ግድ የለም፣ የአሰልጣኙን እጽፍልሃለሁ» አልኩት።

ወረቀት አልነበረውም እንዳትሉኝ። የዚህን ልጅ ያህል ወረቀት የነበረው ተጫዋች በክለቡ አልነበረም። ሲመዘገብ ገና 17 ዓመቱ ስለነበር የፊፋ የዝውውር ደንብ አንቀጽ 19 ይመለከተዋል። አንቀጹ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከአገር ወደ አገር ተዛውሮ እንዳይመዘገብ ይከለክላል፤ ልጆች እንዳይነገድባቸው ነው። ሸሽቶ ለመጣ ልጅ የተለየ በር አለው፤ ግን በሩን የሚከፍተው ወረቀት ነው። የስደተኛነት ማረጋገጫ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የአሳዳጊ ደብዳቤ፣ የዕድሜ ማስረጃ። ወፍራም ፋይል አለን። አንዱንም ገጽ ሳልዘልል ሁለት ጊዜ አገላበጥኩት። የእናቱ ስልክ ቁጥር የለበትም።

እናቱ በሕይወት እንዳሉ ግን እናውቅ ነበር። ማለቴ፣ ልናውቅ ይገባን ነበር። ማታ ማታ ከልምምድ በኋላ ከመቀመጫዎቹ ጀርባ ቆሞ በቋንቋው ስልክ ያወራ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ አየነው። አንዳንዴ ይስቃል። ከማን ጋር ነው ብሎ የጠየቀ የለም። በኋላ ልጆቹን ለምን አልጠየቃችሁትም ስላቸው አንዱ «ቁስሉን እንዳንነካበት ብለን ነው» አለኝ። አመንኩት፤ እኔም ለራሴ እንደዚያው ነበር የምለው።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ቡድናችሁ ውስጥ በስደት የመጣ ልጅ ካለ፣ እንዴት እንደመጣ፣ በባሕር ይሁን በበረሃ፣ ማን እንደሞተበት አትጠይቁት። ከፈለገ ይነግራችኋል፤ ካልፈለገ የራሱ ነው። ማታ የሚያወራው ከማን ጋር እንደሆነ መጠየቅ ግን ሌላ ነገር ነው። «እናትህ ደህና ናቸው?» ማለት ቁስል መንካት አይደለም። ለጎረቤት ልጅ የምትሉት ነው። እኛ ሁለቱን አንድ አድርገን ዝም አልን፣ ዝምታችንንም ይሉኝታ አልነው።

የዚያን ቀን ከሰዓት ከአመራሩ አንዱ «ለአገሩ ኤምባሲ እንደውል» አለ። ቅን ሰው ነው። ቁጥሩን ፈልጎም አግኝቶ ነበር። የስደተኞች ጉዳይ የምትሠራ አንዲት ሴት ናት ያስቆመችን። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። እ.ኤ.አ. በ1951 በወጣው የስደተኞች ስምምነት ስደተኛ የሚባለው የገዛ አገሩ ያሳድደኛል ብሎ በቂ ምክንያት ያለው ፍርሃት ያደረበት ሰው ነው። ለዚያ መንግሥት ደውሎ ልጃችሁ እዚህ ነበር፣ ቤተሰቡን ፈልጉልን ማለት እዚያ የቀሩትን ወገኖቹን አሳልፎ መስጠት ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የስደተኛነት ጉዳዩን የያዘው መሥሪያ ቤት፣ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን፣ ወይም ቀይ መስቀል ነው። ቀይ መስቀል የተለያዩ ቤተሰቦችን የሚያፈላልግ አገልግሎት አለው። የልጁን ስም እዚህ የማልጽፈውም ለዚሁ ነው፤ እናቱ አደራ ብለውኛል።

እሷ ስልክ እየደወለችልን ሳለ እኛ ሌላ ጥፋት እየሠራን ነበር። ወጣቶቹ ፎቶውን በጥቁር ፍሬም አድርገው፣ ሻማ ጨምረውበት፣ በክለቡ ገጽ እንለጥፈው ብለው አሳዩኝ። ፎቶው ያምራል። ጎል አግብቶ እጆቹን ዘርግቶ የተነሳው ነው። «ልቀቁት» አልኳቸው። ፈቃዱን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ በልጆች አላሳብብም። ሰዓት ሳይሞላ ገጹ በእንባ ተሞላ። ከዚያ አንድ መልእክት መጣ። «እውነት ነው?» ይላል። ሌላ ምንም የለውም። በሌላ አገር ካምፕ ያለው ታናሽ ወንድሙ ነበር። 15 ዓመቱ ነው። የወንድሙን ሞት ከማያውቃቸው ሰዎች አስተያየት መሃል ነው ያነበበው። ለእናቱ የነገራቸውም እሱ ነው።

ቤተሰቡን ያገኘነው እንዲህ ነው። አገኙን ማለት ይሻላል።

ስለዚህ ጓደኛችሁ ሲሞት ጣታችሁ መለጠፊያው ላይ ሲደርስ አንድ ነገር ጠይቁ። እናቱ ሰምተዋል? መልሱ «አይ» ወይም «አላውቅም» ከሆነ ስልኩን አስቀምጡት። ሐዘናችሁ አንድ ቀን ቢዘገይ ምንም አይሆንም።

የሶማሊያዋን ሯጭ የሳሚያ ዩሱፍ ኦማርን ታሪክ ለወጣቶቻችን ደጋግሜ አወራላቸዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2008 ቤጂንግ ላይ በ200 ሜትር ማጣሪያ መጨረሻ ወጣች፤ ስታዲየሙ ግን አጨበጨበላት። በ2012 ወደ ጣሊያን ልትሻገር ስትል ሜዲትራኒያን ላይ ሞተች። ዓለም ይህን በሰፊው የሰማው ከወራት በኋላ፣ የቀድሞው የ1,500 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን አብዲ ቢሌ ለሕዝብ ሲናገር ነው። ኦሊምፒክ የሮጠች ልጅ ነበረች። የስደተኛ ሞት ወይ በጣም ዘግይቶ ይሰማል፣ ወይ እንደ እኛው በጣም ቸኩሎ። በሰዓቱና በወጉ እንዲደርስ መሃል ላይ ስልክ ቁጥር የያዘ ሰው ያስፈልጋል።

እናቱን በአስተርጓሚ አናገርኳቸው። መጀመሪያ ስሙን ስጠራ አላወቁትም። ለካ እኛ የአባቱን ስም ነው ሁለት ዓመት ስንጠራው የኖርነው። መለያው ጀርባ ላይ ያተምነውም እሱኑ ነው። አንድ ቀን እንኳ አላረመንም። ለምን ዝም እንዳለ ልጠይቀው አልችልም አሁን።

ከዚያ ጥያቄ ጠየቁኝ። ሬሳው አጠገብ ማን አለ? በእምነቱ ሥርዓት የሚቀብረው ሰው አለ ወይ? ሦስተኛው ስልኩን ነበር። ስልኩን ጠብቁልኝ አሉ። ፎቶዎቻችን ሁሉ እዚያ ውስጥ ናቸው፣ እኛ ጋ አንድም አልቀረም አሉኝ። ስለ መለያ ቁጥሩ ምንም አላሉም። እኛ ደግሞ ያን ሳምንት ስብሰባ ተቀምጠን ስንከራከር የነበረው 11 ቁጥርን ከአገልግሎት እናውጣ ወይስ አናውጣ በሚል ነበር። በበኩሌ አልደገፍኩትም። የኅሊና ጸሎቱም፣ ጥቁር ሪባኑም ጥሩ ነው፤ ይደረግ። እናትየው የጠየቁት ሳይመለስ ግን ቁጥር ማውጣት ራስን ማጽናናት ነው።

ዕቃውን ለመሰብሰብ ወደ ክፍሉ ስሄድ ግማሹ የለም። አንዱ ጫማውን ለማስታወሻ ወስዷል። አንዱ የጆሮ ማዳመጫውን። አንዱ ኮፍያውን አድርጎት ይዞራል። ሌብነት አይደለም፣ ፍቅር ነው። ግን የሟች ዕቃ የቤተሰቡ ነው። አንድ በአንድ እየጠየቅኩ ሰበሰብኩት፤ በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ያለ ከባድ ቀን አላስታውስም። ጫማውን የወሰደው ወጣት ሲመልስልኝ አጥቦት ነበር። ጭቃውን ባላጥበው ይሻል ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ምን እንደምመልስለት አላወቅኩም።

የገንዘቡን ነገር ባጭሩ ልለፈው። መዋጮ ከሰበሰባችሁ ሁለት ሰው ይቁጠረው፣ ደረሰኝ ይኑረው፣ ሳንቲሙ ሳይቀር ለቤተሰቡ ይነገር።

ቡድናችን ውስጥ ሌሎች ሁለት ስደተኛ ልጆች አሉ። በማግስቱ ልምምድ በሰዓታቸው መጡ። አላለቀሱም። ሌሎቹ ልጆች በዓይናቸው ወጓቸው። አሰልጣኙም «ምን ዓይነት ልብ ነው?» ብሎ ተቆጣ። ከቀናት በኋላ አንደኛው ቢሮዬ መጥቶ ቁጭ አለ። ብዙ ዝም ካለ በኋላ «ለእኔ ይሄ አራተኛ ጊዜዬ ነው» አለኝ። ወዲያው ተነስቶ ሄደ። ስለዚህ የሰውን ሐዘን በእንባው አትለኩት።

ልቡ ነው ብለውናል ብያችኋለሁ። ሲመዘገብ የሞላውን የጤና መጠይቅ አይቼዋለሁ። «ከቤተሰብህ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ አለ?» ይላል። «የለም» የሚለው ላይ ምልክት አድርጓል። ግን በየት ያውቃል? ከዘመዶቹ የተለየው ሕፃን ሆኖ ነው። እንዲህ ዓይነት ልጅ ያላችሁ ክለቦች «የለም» የሚለውን «አላውቅም» ብላችሁ አንብቡት፣ የልብ ምርመራም አስደርጉለት። እናንተም ስትሮጡ ራሳችሁን ከሳታችሁ፣ ደረታችሁ ላይ ሕመም ከተሰማችሁ፣ ቦታዬን እነጠቃለሁ ብላችሁ አትደብቁ።

ብቻችሁንም አትሩጡ። ፋብሪስ ሙዋምባ በ11 ዓመቱ ከኮንጎ ወደ እንግሊዝ የገባ የስደተኛ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 17 ቀን 2012 ለቦልተን ሲጫወት ዋይት ሃርት ሌን ሜዳ ላይ ወደቀ። ልቡ ለ78 ደቂቃ ቆመ። ዛሬ በሕይወት አለ። ወዲያው ደረቱን የተጫኑለት ሰዎች ነበሩ፣ ከተመልካቹ መሃልም አንድ የልብ ሐኪም ወደ ሜዳ ወርዶ ደረሰለት። የእኛ ልጅ አጠገብ ማንም አልነበረም። አሁን ወጣቶቻችን በሙሉ ይሠለጥናሉ። ሰው ሲወድቅ እርዳታ እንዲመጣ ደውሉ፣ ደረቱ መሃል ላይ ሁለት እጅ፣ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። የወደቀ ሰው አልፎ አልፎ አየር ሲስብ ብታዩ ተነፈሰ ብላችሁ አትዘናጉ።

ስልኩ አሁን እናቱ ጋ ነው። የሚከፍትላቸው ሰው እስኪገኝ ወራት ፈጀ።

ቅጹንም ቀየርኩት። «ተጠሪ» የምትለዋን መስመር ከላይ፣ ከስም ቀጥሎ አመጣኋት። እስክሪብቶ የሚቆምበት ልጅ ሲመጣ ወንበር እስብለታለሁ፤ ሰልፉ ይጠብቃል። ባለፈው ሳምንት አንድ አዲስ ልጅ መጣ። እዚያች መስመር ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝ።

«ስንት ሰው መጻፍ ይቻላል?» አለኝ።

ወረቀቱን ገለበጥኩለት።