የሚረሱ አዛውንትና የጭንቅላት ፎቶ፦ ለወጣት ሐኪሞች

ሰሞኑን አንድ የሕክምና ተማሪ «ዶክተር፣ ኮምፒውተር ኤምአርአይ አንብቦ የመርሳት በሽታን ከለየ እኛ ምን ልንሠራ ነው?» አለኝ። ሳቅሁበት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ትዝ አሉኝ። ጋሼ ልበላቸው።

ያመጣቻቸው ከአሜሪካ ለፋሲካ የመጣች ልጃቸው ናት። «አባዬን ጃጅቷል ይሉታል፣ እኔ ግን አልተዋጠልኝም» አለች። እጇ ላይ ትልቅ ፖስታ ይዛለች። ከሁለት ዓመት በፊት የተነሡት ሲቲ ስካን ነው። ሪፖርቱ «ከዕድሜ ጋር የሚመጣ የአንጎል መሟሸሽ» ይላል። ቤተሰቡም «እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል» ብሎ ፖስታውን ቁም ሣጥን ላይ ጣለው።

እኔን የያዘኝ ግን ፖስታው ሳይሆን አገባባቸው ነው። ጋሼ ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ቀጥ አሉ። እግራቸው ከወለሉ ጋር የተጣበቀ ይመስላል። ልጅቷ እጃቸውን ስትስብ ከወገብ በላይ ወደፊት ዘንበል ይላሉ፣ እግራቸው ግን ንቅንቅ አይልም። ከዚያ ጫማቸውን መሬት ለመሬት እየጎተቱ ገቡ። ወንበሩ ጋ ዞረው ለመቀመጥ ስንት እርምጃ! «ሽንትስ ያመልጣቸዋል?» ስላት አቀረቀረች።

ፊልሙን መብራቱ ላይ ሰቀልኩት። አንጎል መሀል ያሉት ውሃ የሚይዙ ክፍሎች በጣም ሰፍተዋል። ዳር ዳሩ ያለው ሽብሽብ ግን ያን ያህል አልተከፈተም። መሟሸሽ ብቻ ቢሆን ሁለቱም አብረው ይሰፉ ነበር። የአካሄድ ችግር፣ የሽንት ማምለጥና መርሳት ሲገጣጠሙ ኤንፒኤችን፣ ማለትም አንጎል መሀል ውሃ የሚጠራቀምበትን በሽታ፣ መጠርጠር ነው። ኮሎምቢያዊው የአንጎል ቀዶ ጥገና ባለሙያ ሰሎሞን ሃኪም ከአሜሪካዊው የነርቭ ሐኪም ሬይመንድ አዳምስ ጋር በ1965 (እ.ኤ.አ.) ጽፎታል፤ አዲስ ነገር አይደለም። ከወገባቸው ፈሳሽ ቀዳንላቸው። በዚህ ምርመራ ከ30 እስከ 50 ሚሊ ሊትር ይቀዳል። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ አስኬድናቸው። ያ ሁሉ የመዞር መከራ ቀርቶ በጥቂት እርምጃ ዞሩ።

ፈሳሹን ወደ ሆድ የሚያወርድ ቱቦ ገባላቸው። አካሄዳቸው ተስተካከለ። ትዝታቸው ግን እምብዛም አልተመለሰም። የሚያንገበግበኝ ያ የባከነ ሁለት ዓመት ነው። ፊልሙን ያነበበው ባለሙያ ጋሼን አላያቸውም፤ የደረሰው ወረቀት ላይ «መርሳት» ብቻ ነበር የተጻፈው። ጋሼን ያያቸው ሐኪም ደግሞ ሪፖርቱን እንጂ ፊልሙን አላየም። ኮምፒውተሩ እዚህ መሀል ምን ያደርጋል?

የዛሬ ልጆች ስለ ማሽን ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። ኤምአርአይ ትዝታን የሚያግዘው የአንጎል ክፍል፣ ሂፖካምፐስ፣ መኮማተሩን ያሳያል። ስኳር የሚከታተለው ፔት ስካን የትኛው ክፍል እንደተዳከመ ይጠቁማል። አሚሎይድን፣ ማለትም በአልዛይመር አንጎል ውስጥ የሚጠራቀመውን ፕሮቲን፣ የሚያሳየው ፔት አሜሪካ ውስጥ በ2012 (እ.ኤ.አ.) ተፈቅዷል፤ ነገር ግን አእምሯቸው ንቁ የሆነ ብዙ አዛውንትም አሚሎይድ አላቸው። ሰውየው ቤቱን ስቶ እንደሆነ ፎቶው አይነግራችሁም። ሚስቱ ትነግራችኋለች።

ወረቀትና እርሳስም ቢሆን ጉድ ይሠራል። ውጭ አገር ያሉ አዛውንቶቻችን በመርሳት ፈተና «ሰዓት ሣሉ፣ አራት ሰዓት ላይ አድርጉት» ሲባሉ አጭሩን ዘንግ 10 ላይ ያደርጉታል። እኛ አገር ልክ ነው። ዓመተ ምሕረት ሲጠየቁም ሰባት ስምንት ዓመት ወደኋላ ነው። አስተርጓሚው ካላስረዳ ነጥብ ይቀነስባቸዋል።

ፎቶ አታስነሡ ማለቴ አይደለም። እንዲያውም የሚረሳ አዛውንት ሁሉ አንዴ ሲቲ ቢነሣ ደስ ይለኛል፣ ዋጋው ቢቆረቁርም። ከሳምንታት በፊት ወድቀው የረሱትን ውድቀት አስቡ። የራስ ቅል ሥር ደም ተጠራቅሞ ሊሆን ይችላል፤ ያ ደግሞ ይታከማል። የቢ12 እና የታይሮይድ ምርመራማ አይነገራችሁም።

አንድ ነገር ግን ተዉኝ። ከመቶ ምስል አንዷን በስልክ አንሥታችሁ «ዶክተር ምን ይታይዎታል?» እያላችሁ በቴሌግራም አትላኩልኝ። ሙሉውን ሲዲ አምጡ። ሰውየው ሲራመድ የተቀረጸ ቪዲዮ ካላችሁ ግን እሱን በቴሌግራም ላኩት፣ በሌሊትም ቢሆን አያለሁ።