ክሩን ቁረጡት

ልጆቼ፣ ሙያዬ ዓሣ አጥማጆችን እየመራሁ ወደ አላስካ ወንዞች መውሰድ ነው። በዚሁ ሥራ ሸምግያለሁ። ወጣቶች ሲመጡ ድብ ፈርተው ቀድመው የሚጠይቁኝ ስለ ጠመንጃ ነው። እኔ ግን የመንጠቆ ክር ስለ መቁረጥ እጀምርላቸዋለሁ።

በጁላይ ሳልሞን የሚባለው ዓሣ ወንዙን ሽቅብ ሲወጣ ቡናማ ድቦች ወንዝ ዳር ይሰበሰባሉ። ካትማይ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለው የብሩክስ ወንዝ በዚህ የታወቀ ነው። መንጠቆ የያዘው ዓሣ ሲንፈራገጥ ውሃውን ይመታል። ድብ ያን ድምፅ ሰምቶ ይመጣል። ስለዚህ ድብ ወደ እናንተ ሲመጣ ካያችሁ ማጥመዱን ወዲያው አቁሙ። ዓሣ ይዛችሁ ከሆነ ክሩን ቁረጡና ቦታውን ልቀቁለት። ዓሣው የቱንም ያህል ቢያጓጓ አትሳሱ! አንዴ ከአጥማጅ ዓሣ ቀምቶ የበላ ድብ፣ አጥማጅ ባየ ቁጥር መምጣት ይለምዳል። ከእናንተ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው ይጎዳል። የድቡም መጨረሻ ብዙ ጊዜ ጥይት ነው። እኔን አንጀቴን የሚበላኝ ይሄ ነው።

የወንዝ ጩኸት ኮቴያችሁን ይውጠዋል። ቁጥቋጦ ውስጥና መታጠፊያ ላይ ጮክ ብላችሁ እያወራችሁ እለፉ። በተለይ ግልገል ያላት እናት ድንገት ከደነገጠች አደገኛ ናት። ምግብና ዓሣ የነካ ልብስ ከድንኳናችሁ 100 ሜትር ያህል ይራቅ።

የድብ መከላከያ ስፕሬይ፣ ማለትም ድቡ ላይ የሚነፋው የሚያቃጥል የበርበሬ ርጭት፣ ወገብ ላይ ነው የሚታጠቁት። ቦርሳ ውስጥ የተቀበረ እንደሌለ ቁጠሩት። ድቡ እየሮጠ ሲመጣባችሁ፣ 9 ሜትር ያህል ሲቀር፣ ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ ወደ ፊቱ ልቀቁት። እንደ ትንኝ መድኃኒት ልብስና ድንኳን ላይ አይረጭም። በመንገደኞች አውሮፕላን መያዝ ስለማይፈቀድ እዚያው ደርሳችሁ ግዙ።

በፍጹም አትሩጡ። ድብ በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣል። በረጋ ድምፅ እያናገራችሁት ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ አፈግፍጉ። ቡናማ ድብ ከያዛችሁ በሆዳችሁ ተኙ፣ ማጅራታችሁን በእጃችሁ ሸፍኑ፣ ቦርሳችሁን ከጀርባችሁ አታውርዱ። እስኪርቅ ድረስ አትነቃነቁ። ጥቁር ድብ ከሆነ ግን መተኛት የለም፣ ፊቱን እየመታችሁ ታገሉ። ማታ ድንኳን ውስጥ የሚገባባችሁን ደግሞ ቡናማም ይሁን ጥቁር፣ እጃችሁ በገባው ነገር ሁሉ ታገሉት።