በድሮ ማዘርቦርድ ላይ ፓወር ሰፕላይ ለምትገጥሙ ወገኖች

በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ 386 ወይም 486 የሚባሉ የድሮ ፕሮሰሰሮች ማዘርቦርድ (የኮምፒውተር ዋና ሰሌዳ) ገዝታችሁ ለማስነሳት የምታስቡ ወገኖች፣ ማብሪያውን ከመጫናችሁ በፊት ይህን አንብቡ። እንዲህ ያሉ ቦርዶች በተሳሳተ አገጣጠም በቀላሉ ሊበላሹ ይችላሉ።

ኤቲ የሚባለው የድሮ ፓወር ሰፕላይ (ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚሰጠው ሳጥን) ቦርዱ ላይ የሚሰካው በሁለት ባለ 6 ፒን ማገናኛዎች ነው፤ ብዙ ጊዜ ፒ8 እና ፒ9 ተብሎ ተጽፎባቸዋል። መልካቸው አንድ ስለሆነ ማቀያየር በጣም ቀላል ነው። ጥቁሮቹ ሽቦዎች መሃል ላይ ጎን ለጎን መገናኘት አለባቸው። በትክክል ከገባ ከአንዱ ጫፍ ጀምሮ ብርቱካናማ፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ 4 ጥቁር፣ ነጭ፣ ከዚያም 3 ቀይ ታያላችሁ። ተቀያይሮ ከገባ በቦርዱ ግራውንድ (የጥቁሮቹ ሽቦዎች ዜሮ ቮልት መስመር) ላይ 5 ቮልት ይመጣል፤ 5 ቮልት በሚጠበቅበት ቦታ ደግሞ ግራውንድና ኔጌቲቭ 12 ይገባል። ያን ጊዜ ለቺፖቹ በሙሉ ፖዘቲቩና ኔጌቲቩ ተገልብጦ ይደርሳቸዋል። አንዳንዱ ፓወር ሰፕላይ ወዲያው ራሱን ያጠፋል፤ በዚህ ተማምናችሁ ግን አትሞክሩ። ማገናኛው አልገባ ካለ በኃይል አትግፉት። ትንሽ አዘንብላችሁ ጥርሱን ካስያዛችሁ በኋላ ቀና አድርጋችሁ ወደ ታች ተጫኑት።

ከመሰካታችሁ በፊት መልቲሜትር (ቮልትና ኦም የሚለካ መሣሪያ) ያዙ። መጀመሪያ ቦርዱን ብቻውን ለኩ፦ መለኪያውን ኦም ላይ አድርጋችሁ አንዱን ጫፍ ግራውንድ ላይ፣ ሌላውን በየተራ 5፣ 12፣ ኔጌቲቭ 12 እና ኔጌቲቭ 5 ፒኖች (በቅደም ተከተል የቀይ፣ የቢጫ፣ የሰማያዊና የነጭ ሽቦ ቦታዎች) ላይ አሳርፉ። ወደ ዜሮ የሚጠጋ ካሳያችሁ ሾርት (የመስመሮች በስህተት መገናኘት) አለ ማለት ነው፤ መብራት አትስጡት። ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ የውሃ ጠብታ የመሰለው ቢጫ ወይም ሰማያዊ የታንታለም ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ትንሽ ክፍል) ነው፤ በተለይ 12 ቮልት መስመር ላይ ያለው። በድሮዎቹ የአይቢኤም ቦርዶች ላይ 16 ቮልት የሚችል ተደርጎ የተገጠመ ስለሆነ ዕድሜ ሲጫነው ሾርት ያደርጋል። ስትቀይሩት ማይክሮፋራዱን እንዳለ ጠብቃችሁ 25 ቮልት የሚችል ግጠሙ፤ የፖዘቲቭ ምልክቱንም አትሳቱ፣ ታንታለም ተገልብጦ ከተበየደ ይፈነዳል።

ፓወር ሰፕላዩም ለብቻው ይፈተሽ። አብዛኛው ኤቲ ሸክም ከሌለው አይነሳም፤ ስለዚህ በቀይና በጥቁር ሽቦ መካከል 12 ቮልት 21 ዋት የመኪና አምፖል ወይም አሮጌ ሃርድ ዲስክ አገናኙ። ቀዩ ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት መካከል መሆን አለበት። ብርቱካናማው ፓወር ጉድ ይባላል፦ ቮልቱ መረጋጋቱን ለቦርዱ የሚያሳውቅ ምልክት ነው፤ 5 ቮልት አካባቢ ካልደረሰ ቦርዱ ሪሴት ላይ ተይዞ፣ ሥራ ሳይጀምር ይቀራል። ሳጥኑን መክፈት ልምድ ለሌለው ሰው አይመከርም፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ውስጥ ያሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች ከ300 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ።

የፊት ማብሪያው ሽቦዎችም አደገኛ ናቸው፤ በኤቲ ላይ ወደ ማብሪያው የሚሄዱት 4 ሽቦዎች የግድግዳውን መብራት በቀጥታ ይዘዋል። ከመንቀላችሁ በፊት ፎቶ አንሱ፣ በፓወር ሰፕላዩ ላይ የተለጠፈውን ሥዕል ተከተሉ። ጥንዶቹ ከተዛነቁ ማብሪያው ሲጫን መስመሩ ሾርት ይሆናል።

ደህና ኤቲ ካጣችሁ ኤቲኤክስ (ኤቲን የተካው የፓወር ሰፕላይ ዓይነት) ከመለወጫ ገመድ ጋር መጠቀም ይቻላል፤ እኔም ለአብዛኛው ሰው የምመክረው ይህንን ነው። ገመዱን ራሳችሁ የምትሠሩ ከሆነ በቀለም አትመሩ። በኤቲ ብርቱካናማው ፓወር ጉድ ነው፤ በኤቲኤክስ ግን 3.3 ቮልት ነው፣ ፓወር ጉዱ ግራጫው ነው። ብርቱካናማን ከብርቱካናማ ያገናኘ ሰው ቦርዱ ጊዜውን ሳይጠብቅ እንዲነሳ ያደርገዋል፤ ከዚያ አንዴ እየሠራ አንዴ እየቀረ ምክንያቱ ሲፈለግ ቀኑ ይመሻል። የኤቲኤክሱን አረንጓዴ (የማስነሻ) ሽቦ ከጥቁሩ ጋር በማብሪያ አገናኙት፤ ማብሪያው ሲጫን ተይዞ የሚቀር ዓይነት ይሁን። በኤቲኤክስ ሳጥኖች ላይ ያለው ቁልፍ ስትለቁት ስለሚመለስ አይሆንም። ከ1990ዎቹ መጨረሻ የሆኑ የዴል ፓወር ሰፕላዮች ማገናኛቸው ኤቲኤክስ ቢመስልም የፒን አደራደራቸው ሊለይ ይችላል፤ ሳትለኩ አትጠቀሙባቸው።

በአዳዲሶቹ ኤቲኤክሶች ላይ ነጩ ሽቦ፣ ማለትም ኔጌቲቭ 5 ቮልት የለም። ለአብዛኛው 386 እና 486 ችግር አይደለም፤ አንዳንድ የድሮ አይሳ ካርዶች (ቦርዱ ላይ የሚሰኩ ተጨማሪ ክፍሎች) ግን ይፈልጉታል፣ የ1981ዱ አይቢኤም ፒሲ የመጀመሪያ ቦርድም ያለ እሱ ሜሞሪው አይሠራም። ከኔጌቲቭ 12 መስመር በ7905 ሬጉሌተር (ቮልቱን ዝቅ አድርጎ የሚያረጋጋ ክፍል) ማውጣት ይቻላል፦ ፒን 1 ግራውንድ፣ ፒን 2 መግቢያ፣ ፒን 3 መውጫ ነው፤ መግቢያው ላይ 2.2፣ መውጫው ላይ 1 ማይክሮፋራድ ታንታለም ይጨመርበታል። የሬጉሌተሩ የብረት ጀርባ ከግራውንድ ጋር ሳይሆን ከመግቢያው ጋር የተያያዘ ነው፤ የኮምፒውተሩን ብረት ከነካ ኔጌቲቭ 12ቱ ሾርት ይሆናል፣ በፕላስቲክ ሸፍኑት።

ከአሜሪካ ወደ አገር ቤት ለምትልኩ፦ ብዙ ኤቲዎች ጀርባቸው ላይ ከ115 ወደ 230 የሚያዞር ትንሽ ቀይ መቀየሪያ አላቸው። 115 ላይ ሲሆን ውስጡ የገባውን ቮልት እጥፍ ያደርጋል፤ እንደዚሁ ሆኖ አዲስ አበባ 220 ቮልት ላይ ከተሰካ ካፓሲተሮቹ ይፈነዳሉ። በተቃራኒው 230 ላይ ሆኖ አሜሪካ ቢሰካ ዝም ብሎ አይነሳም እንጂ አይጎዳም። ጽሑፉ 115 ብቻ ካለና መቀየሪያ ከሌለው ያለ ትራንስፎርመር አይሰካም። መቀየሪያ ያለውን ከማሸጋችሁ በፊት 230 ላይ አድርጉት፣ እንዳይዞር በፕላስተር ሸፍኑት፣ ተቀባዩ እንዲያየውም በላዩ ላይ በአማርኛ ጻፉበት።