ቅዳሜን እንጂ ቤቱን አላየህም

ጥያቄ፦ ስለ ምግብ የተለየ እውቀት የለኝም፤ ውጭ መብላት ግን እወዳለሁ፣ ያየሁትንም ለጓደኞቼ እጽፍላቸዋለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ማታ አንድ ሬስቶራንት ገባሁ። ትዕዛዜ እስኪመጣ 50 ደቂቃ ጠበቅኩ። ሾርባው ለብ ብሎ መጣ። አስተናጋጁም ዞር ብሎ አላየኝም። «እዚያ ቤት እንዳትሄዱ» ብዬ ጻፍኩ። አንዷ ጓደኛዬ ግን ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ሄዳ በጣም ወደደችው፤ ይኸው እስከዛሬ እየተሟገትን ነው። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ ሁለታችሁም ያያችሁትን ነው የተናገራችሁት። አንተ ቅዳሜን አየህ፣ እሷ ማክሰኞን። ቤቱን ግን ገና ማናችሁም አላያችሁትም።

ቅዳሜ ማታ ጠረጴዛው ሁሉ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሲሞላ ትዕዛዙ ተደራርቦ ኩሽና ይወርዳል፤ ምድጃው ግን ያው ነው፣ የሰው እጅም ያው ነው። ተቀድቶ ያለቀው ሾርባ አስተናጋጁ እጁ እስኪለቀቅ ድረስ መደርደሪያ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ያንተ ሾርባ ለብ ያለው እዚያ ሊሆን ይችላል። ይህን የምልህ ቤቱን ነጻ ለማውጣት አይደለም። ቅዳሜ የከፈልከው ገንዘብ ከማክሰኞው አያንስም፤ ማስተናገድ ከሚችለው በላይ ሰው የሚያስገባ ቤት ጥፋተኛ ነው። ግን ጥፋቱ የሰዓቱና የአሠራሩ ነው ወይስ ምግብ አለመቻል ነው? ሁለቱ በጣም ይለያያሉ።

ሼፎች በጣም የሚፈሩትን ሚሼሊንን እንይ። ድርጅቱ ጎማ አምራች ነው። ዛሬ ሬስቶራንቶችን የሚመዝንበትን መመሪያ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1900 ለመኪና ነጂዎች ብሎ አሳተመ፣ ለሬስቶራንቶች ኮከብ መስጠት የጀመረው ደግሞ በ1926 ነው። መርማሪዎቹ ማን እንደሆኑ ሳይናገሩ ይገባሉ፣ እንደማንኛውም ሰው ይበላሉ፣ ሂሳባቸውን ከፍለው ይወጣሉ። ኮከቡን የሚሰጡት ሳህኑ ላይ ላለው ነገር ብቻ ነው፤ ወንበሩና መብራቱ አይቆጠርም። ከሚመዝኗቸው 5 ነገሮች አንዱ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ምግቡ በማንኛውም ጊዜ ቢኬድ፣ ከሜኑው ላይ የትኛውም ቢታዘዝ፣ ደረጃው አለመዋዠቁ ነው። ይህ ደግሞ በአንድ ማታ አይታወቅም።

እኔም በዚህ የሚቆጨኝ ነገር አለ። አንድ ካፌ በተከፈተ በሦስተኛው ቀን ገብቼ ሁሉ ነገር ሲዘበራረቅባቸው አየሁና ለማውቀው ሰው ሁሉ «ከንቱ ቤት» እያልኩ አወራሁ። ከወራት በኋላ ዝናብ አባሮኝ ገባሁ። በዚያ ዓመት ከቀመስኩት ሾርባ ሁሉ የሚበልጠውን እዚያ ቀመስኩ። አብሳይዋ ያችው ነበረች። ቃሌን ሰምተው የቀሩትን ሰዎች መልሼ ላገኛቸው አልችልም፤ እስካሁን ሳስበው ይከነክነኛል።

ስለዚህ መጻፉን አታቁም። ብቻ ቀኑን ጻፍ፣ ሰዓቱን ጻፍ፣ ያዘዝከውን ጻፍ፣ ስንተኛ ጊዜህ እንደሆነም ጻፍ። «ቅዳሜ ማታ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሾርባ ለብ ብሎ ከ50 ደቂቃ በኋላ መጣ» ያለ ሰው እውነቱን ተናግሯል፣ አንባቢውም የራሱን ውሳኔ ይወስናል። ሁለተኛ ስትሄድ ደግሞ ቀለል ያለ ነገር እዘዝ፤ እንቁላል፣ ሰላጣ፣ ሾርባ። ብዙ ስጎና ብዙ ቅመም ያለበት ምግብ ጉድለትን ይሸፍናል። እንቁላል ምንም አይሸፍንም።

ጥያቄ፦ እኔና እህቴ የምንገናኘው ለወሬ ነው። አዳዲሶቹ ካፌዎች ሲያዩዋቸው ደስ ይላሉ፣ ግን መደማመጥ አልቻልንም። ስንጮህ ቆይተን ድምፃችን ተዘግቶ እንወጣለን። ሙዚቃውን አስቀንሰንም ለውጥ የለም። እርጅና ይሆን?

መልስ፦ እርጅና አይደለም። ቤቱ ነው። ቀና ብላችሁ እዩት፦ መስታወት፣ ሴራሚክ፣ ባዶ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ክፍት፣ መጋረጃ የለ፣ ምንጣፍ የለ፣ ትራስ የለ። ድምፅ የሚውጠው ነገር ሲያጣ ከግድግዳ ግድግዳ እየነጠረ ይቆያል። ከዚያ የሰው ነገር ይጨመርበታል። ኤትየን ሎምባርድ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1911 እንዳሳወቀው ሰው ዙሪያው ሲጮህ ሳያውቀው የራሱን ድምፅ ከፍ ያደርጋል። አንዱ ጠረጴዛ ከፍ ሲል ጎረቤቱ ከፍ ይላል፣ ሦስተኛው ይከተላል። ለዚህ ነው ሙዚቃው ቢቀነስም ለውጥ ያጣችሁት።

ጉዳቱ ወሬ ላይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ላይ ሰዎች ከፍ ያለ ጫጫታ እየሰሙ ሲበሉ የምግቡ ጨውና ጣፋጭነት ቀንሶ ተሰምቷቸዋል። እዚያ አልጫ አልጫ ያላችሁ ምግብ ካለ ምናልባት ጨው አላነሰውም።

ጥግ ያዙ፣ በተለይ ጨርቅ የለበሰ ሶፋ ወይም መጋረጃ ያለበትን። ከቡና ማሽኑና ከመፍጫው ራቁ። ከቻላችሁ ልክ እንደተከፈተ ወይም ምሳ ካለፈ በኋላ ሂዱ። ስትወጡም ለኃላፊው «ቤታችሁ ያምራል፣ ግን መነጋገር አልቻልንም» በሉት። ወፍራም መጋረጃ መስቀልና ከጠረጴዛ ሥር ስፖንጅ መለጠፍ ትልቅ ወጪ አይደለም፤ ሰው ደግሞ ካፌ የሚገባው ከሰው ጋር ለመቀመጥ ነው። ይህን ሳያስቡ ብዙ ገንዘብ ለውበት ሲያፈሱ ሳይ በጣም ነው የማዝነው።

ጥያቄ፦ ረቡዕ ልጆቼን ካፌ ወስጄ ሳንድዊች በላን። የዚያኑ ዕለት ማታ ትንሹ ልጄ ሲያስመልሰው አደረ። ደውዬ ለካፌው ኃላፊ ነገርኩት፣ ለዘመድ ለጎረቤትም «መርዘውናል» ብዬ አስጠነቀቅሁ። ባሌ «ቸኮልሽ» ይለኛል። እውነት ቸኩያለሁ?

መልስ፦ እናቴ፣ ልጁ እንደተሻለው ተስፋ አደርጋለሁ። ማስመለሱ ካልቆመለት፣ ሽንቱ ከቀነሰ ወይም ደም ካዩበት ዛሬውኑ ሐኪም ያሳዩት።

መደወልዎ ትክክል ነው። ለጎረቤት እርግጠኛ ሆነው መናገርዎ ግን ችኮላ ነው። ሰው ሲታመም የሚያስታውሰው መጨረሻ የበላውን ነው፤ በሽታው ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ በፊት የገባ ነው። ስታፊሎኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ የሚተወው መርዝ ከ30 ደቂቃ እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ያስመልሳል። ኖሮቫይረስ ግን ከ12 እስከ 48 ሰዓት ይፈጅበታል፣ ሳልሞኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ደግሞ ከ6 ሰዓት እስከ 6 ቀን። ስለዚህ ሳንድዊቹ ሊሆን ይችላል፣ የማክሰኞ እራትም ሊሆን ይችላል፣ ኖሮቫይረስ ከሆነ ደግሞ ከሌላ ልጅ ተጋብቶበት ሊሆን ይችላል። ያንኑ ሳንድዊች የበላችሁት ሁላችሁም ታማችሁ ቢሆን ኖሮ ጥርጣሬዬ ወደ ካፌው ያደላ ነበር። እርስዎ የጻፉልኝ ግን ስለ አንዱ ልጅ ብቻ ነው።

ለሚቀጥለው ጊዜ ዓይንዎን እዚህ ላይ ያድርጉ። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር የበሰለ ምግብ ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ እንዳይቆይ ነው፤ ትኩስ የሚቀርበው ከ60 ዲግሪ በላይ፣ ቀዝቃዛው ከ5 ዲግሪ በታች ሆኖ ይቀመጥ ይላል። እንቁላል ወይም ማዮኔዝ ያለበት ሳንድዊች ቅዝቃዜ በሌለው የመስታወት ሳጥን ውስጥ ተደርድሮ ካዩ ይተዉት። ሂሳብ የሚቀበለው እጅ ሳይታጠብ ዳቦ ሲያነሳ ካዩም እንደዚሁ።

ጥያቄ፦ ምግብ አልጥም ሲለኝ መመለስ አፍራለሁ። ዝም ብዬ በልቼ እከፍልና እቤት ስደርስ እበሳጫለሁ።

መልስ፦ መልሺው። ግን በሁለተኛው ጉርሻ፣ ሳህኑ ሳይጋመስ። አስተናጋጁን ጠርተሽ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ ችግሩን ብቻ ንገሪው፦ «ቀዝቅዟል»፣ «ውስጡ አልበሰለም»። «አይበላም» ካልሽው ኩሽና ገብቶ ምን ብሎ እንደሚናገር አያውቅም።

ጥያቄ፦ ቡናው ከመምጣቱ በፊት ካፌው ቡና እንደሚችል በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ባንኮኒው አጠገብ ቁም። ኤስፕሬሶ በተለምዶ ከ25 እስከ 30 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው የሚወርደው። በ10 ሰከንድ ዘርገፍ ካለ ቀጭንና ጎምዛዛ ይሆናል፤ እየተንጠባጠበ ደቂቃ ከፈጀ ይመራል። ወተት ከ70 ዲግሪ ካለፈ የተፈጥሮ ጣፋጭነቱ ይጠፋል፣ የተቃጠለ ይሸታል። ባሪስታው ወተት ካሞቀ በኋላ የእንፋሎት ቱቦውን ወዲያው በጨርቅ ጠርጎ ትንሽ እንፋሎት ከለቀቀበት እዘዝ። የደረቀ ወተት ቱቦው ላይ ተጋግሮ ካየህ ሻይ ጠይቅ።