እንቁላሉ የት ገባ? የጓሮ ዶሮ ጥያቄዎቻችሁ

የዚህ ወር ጥያቄ ባብዛኛው ዶሮ በዶሮ ነው፣ እንቁላል ከተወደደ ወዲህ ጓሮ ያለው ሁሉ ዶሮ ማርባት ጀምሯል መሰለኝ። የሚመሳሰሉትን ትቼ አራቱን መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ ዶክተር ጤና ይስጥልኝ፣ ሰሚት ነው የምኖረው። 6 ቦቫንስ የሚባሉት የእንቁላል ዝርያ ዶሮዎች አሉኝ፣ አንድ አመት ከመንፈቅ ሊሆናቸው ነው። እስካለፈው ወር በቀን 5 እንቁላል አነሳ ነበር፣ አሁን ግን አንድ ካገኘሁ ጥሩ ነው። ላባቸው ግቢውን ሞልቶታል፣ አንዷማ አንገቷ ራቁቱን ቀርቷል። መብላቱን ይበላሉ። ጎረቤቴ ፈንግል ነው ሳይሞቱብሽ እረጃቸው እያለችኝ ነው። መኖ አልቀየርኩም፣ የማበራላቸው አምፖል ከተቃጠለ ግን ቆይቷል።

መልስ፦ እህቴ ቢላውን መልሺው። ፈንግል እንደዚ ቀስ ብሎ ላባ እያራገፈ አይመጣም'ኮ፣ ፈንግል ሲገባ ዶሮዋ ትፈዛለች፣ መብላት ታቆማለች፣ አፏን ከፍታ ነው የምትተነፍሰው፣ አረንጓዴ ተቅማጥ ይይዛታል፣ አንገቷ ይጠመዘዛል ምናምን፣ በጥቂት ቀን ውስጥም አብዛኞቹን ሊጨርስ ይችላል። ያንቺዎቹ ላባ እየቀየሩ ነው። በዚህ እድሜ የሚጠበቅ ነገር ነው፣ ያፋጠነው ግን አምፖሉ ይመስለኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ የዶሮ ሰውነት እንቁላል ልስራ ወይስ ልረፍ የሚለውን በዋናነት የሚወስነው በብርሃን ርዝመት ነው፣ በደንብ ለመጣል ከ14 እስከ 16 ሰዓት ብርሃን ትፈልጋለች፣ አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ የምትሰጠን ደግሞ 12 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። አንቺ በአምፖል ስታስረዝሚላቸው ቆይተሽ በአንዴ ሲቋረጥ ሰውነታቸው ወቅቱ አለፈ ብሎ ዘጋ። ደሞ ይሄን ልብ በይ፣ አስኳሉ በደንብ ለማደግ ብቻ 10 ቀን ገደማ ይፈጅበታል፣ ከዛ ነጩና ቅርፊቱ ተጨምሮ እስኪወጣ ሌላ 25 ሰዓት ገደማ አለ። ስለዚህ ጎጆው ባዶ ሲሆን የዛሬ ጠዋቱን መኖ ከመጠርጠር በፊት ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ማሰብ ነው፣ ምን ተቀየረ፣ ውሃ ጠፍቶ ነበር ወይ፣ አዲስ ዶሮ ተቀላቅሏል ወይ፣ ሸለምጥማጥ ማታ አስደንግጧቸዋል ወይ።

አሁን የሚያስፈልጋቸው ፕሮቲን ነው፣ ላባ ማለት ፕሮቲን ነው በቃ። የእንቁላል ጣይ መኖውን ሳታቋርጪ የኑግ ፋጉሎ ወይም የተቆላ አኩሪ አተር ትንሽ ጨምሪላቸው፣ ጥሬ አኩሪ አተር ግን አይሆንም። አዲሱ ላባ ሲወጣ ስለሚያማቸው ካልተቸገርሽ አትያዣቸው። ሁለት ሶስት ወር ሊፈጅ ይችላል። አምፖሉን ስትመልሺ ደግሞ በማታ ፋንታ ሌሊት ላይ አድርጊው፣ ማታ ድንገት ሲጠፋ ቆጥ ላይ ሳይወጡ መሬት ላይ ይጨልምባቸዋል። በታይመር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ቢበራ ከማታው ጀምበር ጋር ተደምሮ 15 ሰዓት ይሞላል፣ ግን በአንዴ አይደለም፣ በየሳምንቱ ግማሽ ሰዓት እየጨመርሽ።

ላባቸው ሞልቶ ካበቃ በኋላ የትኛዋ እንደምትጥል ለማወቅ አንድ ዘዴ ልንገርሽ፣ ከፊንጢጣዋ ግራና ቀኝ ሁለት ቀጫጭን ሹል አጥንቶች አሉ፣ በመሀላቸው ሁለት ሶስት ጣት ከገባ እየጣለች ነው፣ አንድ ጣት ብቻ ከሆነና አናቷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ገርጥቶ ከተኮማተረ አትጥልም። ለበዓል ድስት የምትታጨውን የዛኔ ትለያለሽ።

ጥያቄ፦ ከደብረ ብርሃን ነው። የሐበሻ ዶሮዬ 14 እንቁላል ጥላ ጎጆዋ ላይ ተቀመጠች፣ ስጠጋት ተነፋፍታ ትነክሰኛለች። አውራ ዶሮ የለኝም። አባቴ በእግሯ ዘቅዝቀህ ስቀላት ይላል።

መልስ፦ አባትህን አክብር፣ ይሄንን ምክር ግን እለፈው። ዶሮዋ መታቀፍ ፈልጋ ነው፣ ፕሮላክቲን የሚባል ሆርሞን ነው የሚያስቀምጣት፣ የሐበሻ ዶሮ ይሄን ፀባይ አልጣለችም፣ ቦቫንስን የመሳሰሉት ግን አርቢዎች እየመረጡ ሲያራቧቸው ከላያቸው ጠፍቶ ነው ዓመቱን ሙሉ የሚጥሉት። በቀን አንዴ ብቻ ተነስታ ጥሬ ለቃቅማ፣ አንድ ትልቅ የሚሸት ኩስ ጥላ በሩጫ የምትመለስ ከሆነ ነገሩ የለየለት ነው። መዘቅዘቅ፣ ውሃ ውስጥ መንከር፣ አፍንጫዋን በላባ መውጋት፣ ጎረቤት ቤት ማሳደር ሁሉም ያገራችን ዘዴ ነው፣ ከነዚህ ጎረቤት ቤት ማሳደሩ ሳያሰቃያት ይሰራል፣ ምክንያቱም ጎጆዋን ያስረሳታል። ከዛ የሚሻለው ግን ስሩ ሽቦ የሆነ፣ ከመሬት ከፍ ያለ ሳጥን ውስጥ ጭድ ሳታነጥፍ ከነመኖና ውሃዋ ሶስት አራት ቀን ማቆየት ነው፣ ሆዷ ስር አየር ሲገባ ትተወዋለች። ጫጩት ከፈለግክ ደሞ አጋጣሚ ነው፣ የራሷ እንቁላል አውራ ስላላገኘው አይፈለፈልም፣ አውራ ካለው ሰው 10 ወይ 12 ትኩስ እንቁላል ገዝተህ ማታ በጨለማ ቀይርላት፣ 21 ቀን ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ እንደምን አለህ፣ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ከልጄ ጋር ነው ያለሁት። ጓሮ ውስጥ አራት ቀያይ ዶሮዎች አሉን፣ ከኖቬምበር ወዲህ እንቁላል የሚባል ነገር የለም። ሀገሬ እያለሁ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።

መልስ፦ እማዬ አላዩም፣ እውነትዎን ነው። አዲስ አበባ ላይ አጭሩ ቀን 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፣ እርስዎ ያሉበት ግን በዲሴምበር ወደ 9 ሰዓት ተኩል ይወርዳል። ቄብ እያሉ መጣል የጀመሩ አንዳንዶች የመጀመሪያውን ክረምት መጣል ሳያቋርጡ ሊያልፉት ይችላሉ፣ ከዛ በኋላ ግን ብዙዎቹ ያርፋሉ። ለገበያ ካልሆነ ይረፉ ባይ ነኝ፣ ፌብሯሪ አካባቢ ቀኑ ሲረዝም ይመለሳሉ። መብራት ላድርግ ካሉ ትንሽ የኤልኢዲ አምፖል ይበቃል፣ ያን ቀዩን ማሞቂያ አምፖል ግን ጭድ ያለበት ቤት ውስጥ እንዳያስገቡት፣ እሳት ያስነሳል። ጠዋት ጠዋት ውሃቸው በረዶ እንዳልሆነ ይዩላቸው፣ ውሃ ያጣች ዶሮ በበጋም አትጥልም።

ጥያቄ፦ ከሀዋሳ፣ ዶሮዎቼ የራሳቸውን እንቁላል እየበሉ ነው፣ ቅርፊቱም ስስ ሆኗል።

መልስ፦ ስስ ስለሆነ ተሰበረ፣ ሲሰበር ቀመሱት፣ ጣፈጣቸው። ካልሲየም ነው የጎደለው፣ ሙቀት ሲበዛም እያለከለኩ ቅርፊቱ ይሳሳል፣ ስለዚህ ጥላና ቀዝቃዛ ውሃ ይኑራቸው። የተፈጨ የኖራ ድንጋይ፣ ወይም የእንቁላል ቅርፊት አድርቀህ አድቅቀህ ከሰዓት በኋላ ለብቻው በሳህን አስቀምጥላቸው፣ ቅርፊቱ የሚሰራው ባብዛኛው ሌሊት ነው። ቅርፊቱን እንደነበረ ከወረወርክላቸው ግን እንቁላል መሆኑን ያውቁታል። ጎጆውን ጆንያ ጋርደህ አጨልመው፣ እንቁላሉንም እስከ ረፋድ ሁለቴ አንሳ።