«ዘዴ ብቻውን ምን ይሆናል?»

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። በሶሺዮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ። ከተመረቅኩ አራት ዓመቴ ነው፤ እስካሁን በኮንትራት መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ነው የሠራሁት። ታብሌት ይዤ ቤት ለቤት እየዞርኩ «ጣሪያችሁ ቆርቆሮ ነው ወይስ ሳር? ስንት በሬ አላችሁ?» እላለሁ። አሁን በማኅበራዊ ጥናት ዘዴዎች ማስተርስ መማር አምሮኛል። ጓደኞቼ ግን «ዘዴ ብቻውን ምን ይሆናል? ፕሮጀክት ማኔጅመንት ተማሪ» ይሉኛል። ስታቲስቲክስም ያስፈራኛል፤ ያገኘሁት ሲ ነው። እዚሁ ልማር ወይስ ውጭ ልሞክር? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ እህቴ፣ እኔ ተማሪው ባይ ነኝ።

ያን የጣሪያ ጥያቄ አራት ዓመት ጠይቀሻል። ለምን እንደሚጠየቅ የነገረሽ ሰው አለ? አገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የቤተሰቡን ገቢ አይጠይቅም። የገበሬ ገቢ ወር ጠብቆ አይመጣም፤ ብዙ ሰውም ያለውን ለማያውቀው እንግዳ ቆጥሮ አይናገርም። ስለዚህ ጣሪያው፣ ወለሉ፣ ከብቱ ይመዘገብና የቤቱ የሀብት ደረጃ ከዚያ በስሌት ይወጣል። አንቺ በር ላይ ቆመሽ የምትጠይቂው ጥያቄ ይህን ያህል ታስቦበታል። ትምህርቱ ይኸው ነው፤ ጥያቄው ከየት እንደመጣ፣ መልሱስ ምን ያህል እንደሚታመን ማወቅ።

ስለ ስታቲስቲክስ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ፤ እኔንም የጎዳኝ እሱ ነውና። ለመመረቂያ ጽሑፌ 384 ሰው ጠየቅኩ። ለምን 384? ከእኔ በፊት የተመረቁት ሁሉ 384 ስላሉ። ዲፌንስ ላይ አንድ መምህር «ይህ ቁጥር ከየት መጣ?» አሉኝ። ቀመሩን በቃሌ አነበነብኩት፤ ትርጉሙን ሲጠይቁኝ ግን ስለማላውቀው ዝም አልኩ። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ 95 በመቶ እርግጠኝነት፣ 5 በመቶ የስህተት ወሰን (ውጤቱ ከእውነቱ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ቢርቅ የምትቀበይው ልዩነት)፣ መልሱም ግማሽ በግማሽ ሊሆን ይችላል የሚል ግምት ስታስገቢ 384 ይወጣል። ብዙ ተማሪ የሚገለብጠው ሌላው የናሙና መጠን ማውጫ፣ የያማኔ ቀመር ደግሞ በዚያው 5 በመቶ ሕዝቡ የቱንም ያህል ቢበዛ ከ400 አያልፍም።

ሁለቱም ሰዎቹ ከሙሉ ዝርዝር አንድ በአንድ በዕጣ እንደወጡ ይቆጥራሉ። መስክ ላይ እንደዚያ እንደማይሠራ አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። መጀመሪያ ቀበሌ ይመረጣል፣ ከዚያ ቤት። የአንድ ቀበሌ ሰው ደግሞ የሚቀዳው ውኃ አንድ፣ የሚወጣበት ገበያ አንድ፣ ልጁን የሚልክበት ትምህርት ቤት አንድ ስለሆነ መልሱ ይመሳሰላል፤ እዚያ 40 ሰው ብትጠይቂ የ40 ሰው ያህል አዲስ ነገር አታገኚም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 645 የቆጠራ ቦታዎችን (ለሕዝብ ቆጠራ የተከለሉ አካባቢዎችን) መርጦ ከእያንዳንዱ 28 ቤተሰብ ነበር የያዘው። አንድ ቦታ ተቀምጦ መቶ ቤት ከማንኳኳት ብዙ ቦታ ሄዶ ጥቂት ቤት ማንኳኳት ይሻላል። ይህ ከገባሽ ከባዱን አልፈሻል። ስሌቱን ኮምፒውተር ይሠራዋል።

ሌላው ደግሞ ታብሌቱ የማይዘው ነው። አንዲት እናት «ኑሮ እንዴት ነው?» ሲባሉ «እግዜር ይመስገን፣ ደህና ነው» ይላሉ። «ጥሩ» የሚለውን ነክተሽ ታልፊያለሽ። ኋላ ታብሌቱ ተዘግቶ ቡና ሲፈላ ልጃቸው ትምህርት ያቋረጠው የደብተር መግዣ ጠፍቶ እንደሆነ ያጫውቱሻል። ያንን የት ትጽፊዋለሽ? ለጥናቱ ሳይሆን ለአንቺ ነው የነገሩሽ፤ መጠቀም ይፈቀድልሻል ወይ? ጥሩ መምህር ካገኘሽ በዚህ አንድ ጉዳይ ብቻ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰዓት ያከራክራችኋል።

ወደ ሥራው ስንመጣ፣ ጓደኞችሽ ለአንቺ አስበው ነው። ግን የክትትልና ግምገማ ሥራ ላይ የሚፈለገው መጠይቅ ማዘጋጀት፣ ናሙና ማውጣት፣ መረጃ መተንተን የሚችል ሰው ነው። ያ ደግሞ አንቺ ልትማሪው ያሰብሽው ነው።

እዚህ አገር ዘዴ በአብዛኛው የሚሰጠው በሶሺዮሎጂ፣ በሶሻል ወርክ ወይም በሥነ ሕዝብ ትምህርት ውስጥ ነው። ከመመዝገብሽ በፊት ስንት የዘዴ ኮርስ እንዳለና አድቫይዘር የሚሆኑት መምህራን ራሳቸው መስክ ይወጡ እንደሆነ ተማሪዎቹን ጠይቂ። ለብሔራዊ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውም ተዘጋጂ። እንግሊዝ አገር ግን በዚሁ ስም የሚሰጥ ማስተርስ አለ፤ በአንድ ዓመት ያልቃል፣ ለብዙዎችም የፒኤችዲ መግቢያ ነው። ወጪውን ሙሉ በሙሉ የሚችለው ቼቭኒንግ የተባለው የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ በሰዓት ሲቆጠር 2,800 ነው። ስትጨርሺም ተመልሰሽ ሁለት ዓመት አገርሽ መቆየት አለብሽ። የአንቺ ሥራ የኮንትራት ስለሆነ ከሠራሽባቸው ድርጅቶች ሁሉ የተሠራበት ቀን የተጻፈበት ደብዳቤ ከአሁኑ ሰብስቢ። ሰው ሲለቅ፣ ቢሮ ሲዘጋ ደብዳቤ ማግኘት ፈተና ነው። የኮመንዌልዝ ስኮላርሺፕ ላይ ጊዜሽን አታጥፊ፤ ኢትዮጵያ አባል አይደለችም።

እስከዚያው አር (R) የሚባለውን የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ጫኚ፤ ነፃ ነው። ከዓለም ባንክ ድረ ገጽ ደግሞ የኢትዮጵያን የማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ጥናት መረጃ ያለ ክፍያ ማውረድ ትችያለሽ። መጠይቁንም አብረሽ አውርጂው። የጣሪያው ጥያቄ እዚያም አለ፤ ከእሱ ጀምሪ።